ዴኩ ይሰማል

አባቴ ዴክ ሲቀዳ ቤታችን ውስጥ መናገር ክልክል ነበር። ማሳልም ክልክል ነበር። ወጥ ማማሰል ይፈቀዳል፤ ማማሰያው ግን የድስቱን ጠርዝ መንካት የለበትም። ሽንት ቤት የሄደ ሰው ውሃውን ሳይለቅ ይመለሳል፤ የሚለቀው ፕሮግራሙ ሲያልቅ ነው። እንግዳ ከመጣ በሩን የምከፍትለት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ነው። እንግዳውም መርዶ ያለ ይመስለውና ነጠላውን አስተካክሎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ይገባል። አንድ ጊዜ አንዲት የእናቴ ጓደኛ ገና ከበሩ ማልቀስ ጀምራ በስንት መከራ ነው ዝም ያሰኘናት።

ማንም አልሞተም። የሚኒሶታ የአየር ትንበያ እየተቀዳ ነበር።

ዴክ ማለት፣ ለማያውቀው ትውልድ፣ ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ጥቁር ማሽን ነው። ካሴት ያጎርሱታል፣ ቀዩን ቁልፍ ይጫኑታል፣ በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ይቀዳል። አሜሪካኖች በሌላ ስም ነው የሚጠሩት፤ እኛ ግን ከአዲስ አበባ ጀምሮ ዴክ ብለነው ዴክ ሆኖ ቀረ። የሚቀዳው በገመድ የሚመጣለትን ነው። ጆሮ የለውም፣ ማይክራፎን የለውም። ሳሎን ውስጥ ሰው ቢጮህ፣ ድስት ቢወድቅ፣ ጣሪያው ቢደረመስ ካሴቱ ላይ የሚገባ ነገር የለም። አባቴ ግን ዴኩ ይሰማል ብሎ አምኖ ነበር። እኔም በእሱ እምነት ልጅነቴን በሹክሹክታ ጨረስኩት።

ወንድሜ ስለዚህ መሣሪያ ታሪክ ማውራት ይወዳል። እሱ የተወለደው እዚሁ ነው፤ ሥራው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ለሰው ልጅ ደኅንነት የተፈጠረ ይመስለዋል። መጀመሪያ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ብቻ የነበራቸው፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን ነበር ይላል። ጃፓኖች አሳንሰው አሳንሰው ሳሎን አስገቡት። ሁለት ዓይነት ካሴት ወጥቶ ኩባንያዎቹ ተፎካከሩና አንዱ አሸነፈ። ከዚያ ደግሞ የፊልም ኩባንያዎች ሥራችን ተሰረቀ ብለው ከሰሱ፤ ጉዳዩ እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ሰው ከቴሌቪዥን ቀድቶ በኋላ በቤቱ ቢያይ ጥፋት የለበትም ተባለ። ወንድሜ እዚህ ላይ ሲደርስ የተፈረደለት እሱ ይመስላል። ከዚያ በፊት ሰው የፕሮግራም ሰዓት ባሪያ ነበር፣ ያ ማሽን ነው ነፃ ያወጣው ይላል፤ ይህን ሁሉ የሚለው በእንግሊዝኛ ነው።

ነፃነቱን እኔ አይቼዋለሁ። ፍርድ ቤቱ በኋላ ማየት ይቻላል አለ እንጂ በኋላ የሚባለው ቀን መቼ እንደሆነ አልተናገረም። አባቴም አልጠየቀም።

ዴኩን የገዛው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ከነበረ አሮጌ ዕቃ ቤት ነው፤ ያኔ ዛሬ በመንገዱ መሃል የሚያልፈው ባቡር አልነበረም። የእናቴን ዳንቴል ከሶፋው አንስቶ አለበሰው። ሰዓቱን የሚሞላለት ሰው ስላልነበረ ቁጥሩ ዕድሜ ልኩን እየበራ እየጠፋ ኖረ። ሌላው ሰው ዴክ የሚገዛው ሥራ ላይ ሆኖ የሚያመልጠውን ለማስቀዳት ነው። አባቴ የሚቀዳው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ የሚያየውን ነበር።

«እያየኸው አይደለም እንዴ፣ ለምን ትቀዳዋለህ?» ትለው ነበር እናቴ።

«በኋላ ተረጋግቼ ላየው ነዋ።»

«አሁን ምን የረበሸህ ነገር አለ?»

«አሁንማ እየቀዳሁ ነው» ይላል።

ደግሞ የሚቀዳው ነገር ቁም ነገር ቢሆን! ቦክስ ይቀዳል፤ ይሁን። ዜና ይቀዳል፤ እሱም ይሁን። ግን ነገ ብዙ በረዶ ይጥላል የሚል ትንበያ ቀድቶ የሚያስቀምጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በረዶው ጥሎ፣ ቀልጦ፣ ሣሩ በቅሎ፣ ትንበያው ቁም ሣጥናችን ውስጥ በክብር ይቀመጣል። ከሁሉ የሚወደው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት የሚተላለፍ የዓሣ ማጥመድ ፕሮግራም ነበር። ሰውዬው ጀልባው ላይ ቁጭ ይላል፣ ብዙ ይጠብቃል፣ ዓሣውን ይይዛል፣ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይለቀዋል። ፕሮግራሙ ይኸው ነው። አባቴ የአየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ሰንብቶ ያለችውን የዕረፍት ቀን ለዚህ ነበር የሚሰጣት፤ የእኛንም ጨምሮ።

ይህ እብደት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ከካርቱም ነው። አባቴ እዚያ ስደተኛ ሆኖ ሲኖር ለእናቱ አይጽፍም ነበር። አያቴ ማንበብ አትችልም፤ የሚያነብላት ጎረቤት ደግሞ ወሬውን ለሰፈር ያዳርሰዋል። ስለዚህ ድምጹን በካሴት ቀድቶ በተጓዥ ይልካል። ቴፑን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ «እንደምን አለሽ እማዬ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ማለት ይጀምራል። ያ ቴፕ በእርግጥም ይሰማል፤ ውጭ አህያ ቢያናፋ አህያው አብሮ አዲስ አበባ ይገባል። ታዲያ አንድ ቀን ድምጹን አሳዝኖ «ብቻዬን ነኝ እማዬ፣ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የማውቀው የለም» እያለ ሳለ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ሴት ከት ብላ ሳቀች። ሌላ ካሴት አልነበረውም፣ ተጓዡም ሊሄድ ነው፣ እንዳለ ላከው። የዚያን ጊዜ አንድ ካሴት ነበር ላዩ ላይ እየተቀዳበት የሚመላለሰው። አያቴም በዚያው በሱ ላይ መልሷን ቀድታ ላከችለት። ከሰላምታው ሁሉ በፊት «ይህቺ የምትስቀው ማን ናት?» የሚል ነበር።

የሳቀችው እናቴ ናት። የግድግዳ ጎረቤቱ ነበረች። አባቴ ማንነቷን አጣርቶ ለእናቱ ለማስረዳት ሲል ሄዶ ተዋወቃት፤ እኔ የዚያ ማስረዳት ውጤት ነኝ። ሳቁ ግን አያቴ ስለቀዳችበት ጠፋ። አባቴ ከዚህ ሁሉ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀይ ቁልፍ ከተጫኑ በኋላ ግድግዳም ቢሆን መሳቅ የለበትም። ሚስት እንዳገኘበት አልታየውም።

እናቴ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው፤ ማሽኖቹ ስለሚጮሁ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው በእጅ ነው። ስለዚህ ቤት ስትገባ የቀኑ ንግግር በሙሉ ሆዷ ውስጥ ተጠራቅሟል። ቅዳሜ ደግሞ ከሰንበት በፊት የሚያልቅ ሥራ፣ የሚደወልለት ሰው፣ የሚታዘዝ ነገር አለ። በምልክት ሞከረች፣ አልሆነም። አንድ ቀን ከኩሽና ወጣችና፣ እጇን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ፣ ዴኩ ፊት ቆማ ፖዙን ተጫነችው። ካሴቱ ቆመ። አባቴ ክው ብሎ ፊቱን አዞረ።

«አሁን አይሰማም አይደል?» አለችው። «በል ስማኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሕጉ ይኸው ሆነ። የሚናገር ሰው መጀመሪያ ፖዝ ይጫናል፣ ይናገራል፣ ሲጨርስ መልሶ ይጫናል። እኔ እንኳ የቤት ሥራዬን ለመጠየቅ ደፍሬ አልነካሁትም። የምትነካው እሷ ብቻ ነበረች፤ በቀን ደጋግማ ትነካው ነበር። ችግሩ ንግግሯ ሲረዝም ነው። ዴኩ ቆሞ መጠበቅ ብዙ አይወድም፤ ይሰለቸውና ቀጭ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ያኔ አባቴ ከመቀመጫው ይነሳል።

«በላሽው! ፕሮግራሙን በላሽው!»

«አይዞህ፣ ዓሣውን መልሶ ለቀቀው» ትለዋለች።

እውነቱን ያወቅሁት የክፍሌ ልጅ ቤት ሄጄ ነው። አሜሪካውያን ናቸው፤ ዴካቸው እየቀዳ ነበር። ቀዩ መብራት ሲበራ አይቼ ትንፋሼን ዋጥኩ። እነሱ ግን ውሻው ይጮሃል፣ ልጆቹ በትራስ ይደባደባሉ፣ እናትየዋ ምንጣፍ በማሽን ትጠርጋለች። አንድ ሰው ተነስቶ ዝም በሉ እስኪል ብጠብቅ የሚል ጠፋ። በኋላ መልሰው ሲያዩት ውሻው የለም፣ ትራሱ የለም፣ ያ ማሽን የለም፤ ጥርት ያለ ፕሮግራም ነው። አልተገረምኩም፤ የተሰማኝ ንዴት ነው። ስንት ቅዳሜ በእግሬ ጣት ስሄድ ኖሬያለሁ!

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት።

«የነሱ ዴክ ሌላ ይሆናል» አለኝ።

«አባዬ፣ አንድ ዓይነት ነው። የኛንም ካሴት አጫውተህ ስማው፣ የኛ ድምጽ አንድም ቦታ የለበትም።»

«አየሽ አይደል?» አለኝ ደስ ብሎት። «ዝም ስለምትሉልኝ እኮ ነው።»

እስቲ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ተከራከሩ። ወደ ኩሽና ሄድኩ። እናቴ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋውን በቀስታ ነበር የምታሳርፈው።

«እማዬ፣ ዴኩ እኮ አይሰማም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ለምንድን ነው እየሄድሽ የምታቆሚው?»

«ዴኩ ሰማ አልሰማ ምን ቸገረኝ» አለችኝ። «እሱ ካልቆመ አባትሽ አይሰማም።»

ያን ቀን ለእሷ አዘንኩ፣ አባቴን ናቅሁት። ምክንያቱም ዴኩ ቆሞም አባቴ የሚሰማት አይመስለኝም ነበር። ፊቱን ያዞርላታል፤ እሺ። እህ፣ እህ ይላታል፤ እሺ። ዓይኑ ግን ጣቷ ላይ ነው፣ መቼ መልሳ ትጫነው ይሆን እያለ። ሰው ከማሽን ጋር ተፎካክሮ የቤቱን ሰው ጆሮ ካላገኘ ያ ማሽን የፈለገውን ያህል ፍርድ ቤት ይፍቀድለት፣ ለኔ እርግማን ነው። አሁንም ያው ነኝ።

እናቴ የሞተችው የሰው ሁሉ ስልክ ካሜራ ከመሆኑ በፊት ነው። ሕመሟ ጊዜ አልሰጠንም። ወንድሜ ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ነበር።

ፎቶዋ አለን። ድምጿ የለንም። የቤት ስልካችን መልእክት መቀበያ ላይ የተቀዳው የኔ ድምጽ ነው፣ እንግሊዝኛዋ ይሻላል ተብሎ። አንድ የሰው ሠርግ ቪዲዮ ላይ አፏን ከፍታ ስታወራ ትታያለች፤ ቪዲዮ አንሺው ግን የእንግዳውን ድምጽ ሁሉ አጥፍቶ ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ደርቦበታል፤ እጁ ይቆረጥ አልልም፣ ግን ብያለሁ። አንድ ቀን ወንድሜ መኪና ውስጥ ሆነን «ዋት ዲድ ሺ ሳውንድ ላይክ?» አለኝ። ድምጿ ምን ይመስል ነበር ማለቱ ነው። ላሳየው ብዬ አፌን ከፈትኩ። የምትላቸውን ነገሮች አስታውሳለሁ፤ ድምጿ ግን ከጆሮዬ ወጥቷል። ሳስባት የምሰማው የራሴን ድምጽ ሆኗል። «ወፍራም ነበር፣ ደስ የሚል» አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ጭንቅላቱን ነቅንቆ መንዳቱን ቀጠለ።

ዘንድሮ አባቴ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጀርባ ካለው አሮጌ ቤታችን ወጥቶ ሮዝቪል፣ ሽማግሌዎች የሚኖሩበት አፓርትመንት ገባ። ጉልበቱ ደረጃ አይችልም። አዲሱ ቤት አንድ ክፍልና አንድ ሳሎን ነው፤ ካሴቶቹ አይገቡም። ወንድሜ በዚህ ደስ አለው። ለአባቱ ግድግዳውን የሚሞላ ቴሌቪዥን ገዝቶ ሰቀለለት፣ ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ሪከርድ ይደረጋል አለው። ካሴት የለም፣ ቦታ የለም፣ ማለቂያ የለም። ወርሃዊ ክፍያው ሲቋረጥ ግን የተቀዳውም አብሮ ይጠፋል፤ ይህን በትንንሽ ፊደል ነው የሚጽፉት። ወንድሜ ራሱ ቀድቶ ያላያቸው ተከታታይ ፊልሞች ዕድሜውን ይበልጣሉ። በኋላ አያቸዋለሁ ይላል። አባቱን የሚንቀው ደግሞ ይኸው ልጅ ነው።

ይባስ ብሎ አዲሱ ቴሌቪዥን ይሰማል። በእውነት ይሰማል፤ ጆሮ ተገጥሞለታል። ወንድሜ ሶፋው ላይ ሆኖ በእንግሊዝኛ ያዝዘዋል፣ እሱም ይታዘዛል። አባቴ ይህን ሲያይ ወደኔ ዞሮ «አላልኩም?» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ በአማርኛ «እስቲ የዓሣውን ሰውዬ አምጣልኝ» ብሎ ለመነው። ቴሌቪዥኑ ይቅርታ፣ አልሰማሁም አለ፤ በእንግሊዝኛ። ዕድሜ ልካችንን ለማይሰማ ማሽን ዝም ስንል ኖረን፣ የሚሰማው ሲመጣ አማርኛ አይችልም።

ካሴቶቹን ወንድሜ ሊጥላቸው ነበር። «ኢትስ ጃንክ» አለ፤ ቆሻሻ ነው ማለቱ ነው። እኔ ነኝ ያስቆምኩት። መኪናዬ ውስጥ ጭኜ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለው ቤቴ ወሰድኳቸው። የሚሠራ ዴክ ፍለጋ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ቤት ሁሉ አዳረስኩ፤ በመጨረሻ አንዱ ጋ ከቶስተሮች መሃል ተወሽቆ አገኘሁት። ምን ፈልጌ እንደሆነ ልናገር፣ ብትስቁም ሳቁ። የእናቴን ድምጽ ነው። ዴክ እንደማይሰማ በልጅነቴ ያረጋገጥኩ፣ አባቴን በዚህ ስቀልድበት የኖርኩ እኔው ነኝ፤ አሁን ግን አባቴ ትክክል በሆነ ብዬ ተመኘሁ። አንድ ቦታ፣ በሆነ ብልሽት፣ በሆነ የተላጠ ገመድ፣ ያ ደደብ ማሽን አንድ ጊዜ ሰምቷት ቢሆን አልኩ። ወንድሜ ቢያንስ አንድ ቃል ይስማ።

ከሥራ በኋላም፣ ቅዳሜም፣ እሑድም ሳያቸው ከረምኩ። የጣለ በረዶ ሁሉ እንደገና ሊጥል ነው ተባለልኝ። የተዘጉ ሱቆች ታላቅ ቅናሽ አደረጉልኝ። ሰውዬው ዓሣውን ያዘ፣ ለቀቀው፣ ያዘ፣ ለቀቀው። ድምጹን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። ሹ የሚል ነገር አለ፤ እሱም የካሴቱ ነው። ደግሞ ምስሉ ይዘላል፤ ሰውዬው ክሩን ሲወረውር ነበር፣ ብልጭ ይልና ዓሣው እጁ ላይ ነው። በየጥቂቱ ይዘላል። መጀመሪያ ካሴቱ አርጅቶ ነው ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ እነዚህ እናቴ ፖዝ የተጫነችባቸው ቦታዎች ናቸው። ካሴቱ ላይ ቦክሱም ማስታወቂያውም አለ፤ እሷ የተናገረችበት ብቻ ነው ተመርጦ ያልተቀዳው። ሳሎኔ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሪሞቱንም ወረወርኩት።

ፍለጋዬን ተውኩ። ዴኩንና ጥቂት ካሴቶችን ለአባቴ ልመልስለት፣ ቀሪው ይጣል ብዬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሮዝቪል ሄድኩ። ወንድሜም መጥቶ ነበር። እያጉረመረመ ገመድ ፈልጎ ዴኩን ከዚያ ግዙፍ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው፤ ምስሉ ተለጥጦ የሰውዬው ጀልባ መርከብ አከለ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሪሞቱን ያዘ። በኋላ አየዋለሁ ያለው ቀን በዕድሜው ማምሻ መምጣቱ ነው። ወንድሜ ሶፋው ጥግ ስልኩን አወጣ። እኔ ልሄድ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ምስሉ ዘለለ። አባቴ ፖዝ ተጫነ።

«እዚህ ጋ፣ ለቄሱ ደውለህላቸዋል ወይ? አለችኝ» አለ። መልሶ ተጫነው።

የሰማሁት ነገር ለጊዜው አልገባኝም። ሰውዬው ጀልባውን አዞረ፣ ክር ወረወረ፣ ደግሞ ዘለለ። አባቴ አቆመው። «እዚህ ጋ፣ የልጅቷ ጫማ ጠቧታል፣ ተረከዟን አየኸው ወይ? አለች።» መልሶ ተጫነው። የልጅቷ ማለት የኔ ነው።

ደግሞ ዘለለ። «እዚህ ጋ ምንም አላለችም። አቁማ አየችኝና፣ ይኼን ሰውዬ ከኔ አስበልጠህ ታየዋለህ ብላ ሳቀች።»

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። አባቴ የሚናገረው ወደኔ አልነበረም፤ ዓይኑ የቆመው ምስል ላይ ነው። የትኛው ዝላይ ላይ ምን እንዳለች አንዱንም አልሳተውም፤ ወይም ቢስት እንኳ የሚያርመው ሰው የለም። የናቅሁት ሰው፣ እህ፣ እህ እያለ ዓይኑ ጣቷ ላይ የነበረው ሰው፣ ይሰማት ኖሯል። ይህን ባወቀች ኖሮ ብዬ ተቃጠልኩ። ከዚያ ምናልባት አውቃ ይሆናል አልኩ፤ ባታውቅ እየተመላለሰች አትጫነውም ነበር። ድምጹን አልኮረጀላትም፣ በራሱ በሻከረ ድምጽ ነው የሚናገረው፤ ግን «ወይ?» የሚለውን መጨረሻ ላይ ከፍ ያደርጋታል። እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርጋት። ረስቼው ነበር።

ወንድሜ ስልኩን መቼ እንዳስቀመጠ አላየሁትም። ከጥግ ተነስቶ ከአባቴ እግር አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሏል። በየዝላዩ ቀና ብሎ አባቱን ያያል።

ካሴቱ ዘለለ፣ ጥቂት ሄደ፣ ከዚያ ጭራሹን ተቋረጠ። ሰውዬው ዓሣውን ሊያወጣ ክሩን እየጠቀለለ ሳለ ነው የጠፋው፤ ስክሪኑን ሰማያዊ ሞላው። አባቴ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እዚህ ጋስ ምን አለች?» አለ ወንድሜ፤ በአማርኛ።

«እዚህ ጋ ዴኩ ሰልችቶት ጠፋ፣ እሷ አልጨረሰችም ነበር» አለ አባቴ። መነጽሩን አውልቆ በእጁ ያዘ። «ይኼኛው ረዥም ነው። ያንን ቴሌቪዥን አጥፋውና እህትህን ቁጭ በይ በላት።»